«አይፈለጌ» በማን? የዩዝኔት ማኅበረሰብ፣ የዲቪ ማስታወቂያና የስረዛ ሥልጣን ታሪክ

በእንግሊዝኛ «ስፓም» የሚባለውን ነገር አማርኛ «አይፈለጌ መልእክት» ብሎ ሰይሞታል። ስያሜው ለጆሮ አይከብድም። «አይቀሬ»፣ «አይበገሬ»፣ «አይነኬ»፣ «አይረሴ» የሚሉትን ቅጽሎች ባስገኘው የቃል አመሠራረት የወጣ በመሆኑ፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ትርጓሜ ሳያሻው ይረዳዋል። ይሁን እንጂ በአመሠራረቱ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ቃሉ የቆመው በተደራጊ ግሥ ላይ ነው፤ አድራጊውን አያወሳም። «አይነኬ» የተባለው ሰው በማን እንደማይነካ ቃሉ አይነግረንም፤ «አይፈለጌ» የተባለው መልእክትም በማን እንዳልተፈለገ እንዲሁ። በተቀባዩ ነው? በብዙኃኑ ነው? ወይስ መልእክቱን ለመሰረዝ ሥልጣን ባለው ሰው?

ይህ ጽሑፍ ያን ያልተጠራ አድራጊ በታሪክ ውስጥ ይፈልገዋል። ፍለጋው የሚካሄደው በአገራችን ሳይሆን ጉዳዩ ገና ከጅምሩ በተፈተነበት ስፍራ፣ ማለትም «ዩዝኔት» በተባለው የኮምፒዩተር የውይይት መረብ ላይ ነው። ይህንንም የመረጥንበት ምክንያት አለ። ባለቤት የሌለው ማኅበረሰብ የማይፈቅደውን ንግግር በምን ሥልጣን ሊያስወግድ እንደሚችል በአደባባይ የተከራከሩት፣ የክርክራቸውንም መዝገብ ያቆዩልን የዩዝኔት ሰዎች ናቸው። ከዚህም በላይ ክርክሩን ያቀጣጠለው ማስታወቂያ፣ በኢትዮጵያ ከተሞች ከሌሎች የአሜሪካ ሕጎች ሁሉ ይልቅ ስሙ የሚታወቀውን «ዲቪ»ን የሚመለከት ነበር። ከተለየ ማብራሪያ በቀር፣ ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከዩዝኔት በፊት አንዲት ትንሽ ታሪክ ማስቀደም ይገባል። በሜይ 1978 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ የነበሩት ጋሪ ቱርክ፣ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ በተዘረጋው «አርፓኔት» አማካይነት ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ መልእክት ላኩ። መልእክቱ ድርጅታቸው ያወጣቸውን አዳዲስ ኮምፒዩተሮች በካሊፎርኒያ መጥተው እንዲመለከቱ የሚጋብዝ ነበር። አድራሻዎቹ ታትሞ ከወጣ የተጠቃሚዎች ማውጫ ተለቅመው በእጅ የተጻፉ ሲሆኑ፣ ከብዛታቸው የተነሣ ከተመደበላቸው ቦታ አልፈው ወደ መልእክቱ አካል ፈሰሱ። መረቡን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አርፓኔት ለመንግሥት ሥራ ብቻ የተፈቀደ መሆኑን ጠቅሶ ድርጊቱን አወገዘ። በተጠቃሚዎቹ መካከል በተነሣው ክርክር ግን ሌላ አስተያየትም ተሰማ። ያን ጊዜ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ሪቻርድ ስቶልማን፣ ከዚህ ይልቅ ምንም የማይጠቅሙ መልእክቶች፣ የልጅ መወለድን የሚያበሥሩ ሳይቀሩ፣ በየዕለቱ እንደሚደርሷቸው ጠቅሰው ይህኛው ቢያንስ ደስ የሚያሰኝ ሊሆን ይችል እንደነበር ተናገሩ። መልእክቱን ራሳቸው አላዩትም ነበር። ቅጂው በተላከላቸው ጊዜ አሳባቸውን ለወጡ። የለወጡበት ምክንያት ግን የማስታወቂያው ይዘት አልነበረም፤ ጉዳዩ ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ያህል የተንዛዛ የአድራሻ ዝርዝር የተሸከመ መልእክት ማንም እንዲልክ ሊፈቀድለት አይገባም የሚል ነበር። ይህች በቀልድ የተቃረበች አስተያየት ከ16 ዓመታት በኋላ ወደ ሕግነት የተለወጠውን አሳብ በጥሬው ይዛለች።

ዩዝኔት በ1979 በሰሜን ካሮላይና፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲና በጎረቤቱ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታሰበ፤ ቶም ትረስኮት፣ ጂም ኤሊስና ስቲቭ ቤሎቪን በጠንሳሽነት ይጠቀሳሉ። አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ሰው የጻፈውን በሚገለገልበት ኮምፒዩተር ላይ ያኖረዋል፤ ያ ኮምፒዩተር በስልክ መስመር ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ለጎረቤቱ። በመጨረሻ በመረቡ ያለ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የመልእክቱን ቅጂ ይይዛል። መልእክቶቹ ከኮምፒዩተር ሳይንስ እስከ ምግብ አሠራር፣ ከሃይማኖት እስከ አፍሪካ ባህልና ፖለቲካ በየርእሳቸው በተከፋፈሉ የውይይት ቡድኖች ይመደባሉ። ማዕከል የለም፤ ባለቤት የለም፤ የሚቀርብለት አቤቱታ ሰሚ መሥሪያ ቤትም የለም። እያንዳንዱ የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ በራሱ ግቢ አዛዥ ነው፤ ከግቢው ውጭ ግን ከልመና በቀር ሥልጣን አልነበረውም።

ይህ መረብ ጽሑፍን ለመግራት ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት። አንደኛው አወያይ ነው። አወያይ ባለው ቡድን ውስጥ የሚጻፍ ሁሉ አስቀድሞ ወደ አወያዩ ይሄዳል፤ እርሱ «ጸድቋል» የሚል ምልክት ሲያኖርበት ብቻ ይሠራጫል። ሁለተኛው ስረዛ ነው። አንድ ጸሐፊ በጻፈው ቢጸጸት የስረዛ ትእዛዝ ይልካል፤ ትእዛዙም እንደ ማንኛውም መልእክት ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተቀባበለ የቀደመውን ጽሑፍ እየተከተለ ያጠፋዋል። ስረዛ ለባለቤቱ ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። ነገር ግን ኮምፒዩተሮቹ የጸሐፊውን ማንነት የሚያረጋግጡት በመልእክቱ ራስጌ ላይ የተጻፈውን ስም በማየት ብቻ ስለነበር፣ የሌላውን ስም ጽፎ የሌላውን ጽሑፍ መሰረዝ ዕውቀቱ ላለው ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነበር። ለብዙ ዓመታት ይህን የሚያደርግ እምብዛም አልተገኘም። በሩ የተዘጋ ስለነበር አልነበረም፤ በሩን መክፈት ነውር ስለነበር ነው።

«ስፓም» የሚለው ስም ለዚህ ዓይነቱ ነገር በዩዝኔት ላይ የተሰጠበት አጋጣሚ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መልክ ይተረካል። ቃሉ በ1937 በገበያ ላይ የዋለ የታሸገ ሥጋ መጠሪያ ሲሆን፣ በ1970 አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን አስቂኝ ቡድን ባቀረበው ጭውውት ውስጥ እስኪያሰለች እየተደጋገመ ስለተነሣ የድግግሞሽ ምሳሌ ሆኖ ቀረ። በማርች 31 ቀን 1993 ሪቻርድ ዲፒው የተባሉ ተጠቃሚ፣ ስማቸውን ደብቀው በሚጽፉ ሰዎች ተቆጥተው፣ ያለ ስም የወጡ ጽሑፎችን ራሱ እየፈለገ የሚሰርዝ ፕሮግራም ጻፉ። ፕሮግራሙ ስሕተት ነበረበት። የራሱን መልእክቶች እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ እየቆጠረ፣ ለእያንዳንዱ ሌላ መልእክት እያወጣ፣ የመረቡ አስተዳደር ጉዳይ በሚመከርበት ቡድን ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ ጽሑፎችን በተከታታይ አፈሰሰ። ጆኤል ፈር የተባሉት ሌላ ተጠቃሚ ይህን አይተው «ስፓም» አሉት፤ ዲፒውም ይቅርታ ጠየቁ። እንግዲህ በዩዝኔት ላይ ይህን ስም ያገኘው ነገር ከነጋዴ የመጣ አልነበረም። ቤቱን ላጸዳ ብሎ መጥረጊያ ካነሣ ሰው እጅ ነው የወጣው።

የሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ነገሩን አከበደው። በጃኑዋሪ 1994 በሚሺጋን ከሚገኝ የአድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ አንድ ሠራተኛ የክርስቶስ መምጫ መቃረቡን የሚያውጅ ረጅም ጽሑፍ በዩዝኔት የውይይት ቡድኖች ሁሉ ላይ ለጠፈ። ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋ የሚከራከረው፣ ስለ ድመት አያያዝ የሚጠይቀው፣ ስለ አውሮፕላን ጥገና የሚጽፈው ሁሉ አንዱን ስብከት ደጋግሞ አነበበ። ጽሑፉ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረውም፤ ማንንም አልሰደበም፤ ለብዙ ሰዎች፣ ምናልባትም ለአብዛኞቹ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች፣ ይዘቱ የተከበረ እምነት ነው። ሆኖም ስድብ ሊያስቆጣ ከሚችለው በላይ አስቆጣ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ማለትም በኤፕሪል 12 ቀን 1994፣ በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ አካባቢ የኢሚግሬሽን ጉዳዮችን የሚይዙት ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል፣ አንድ ማስታወቂያ አወጡ። ማስታወቂያው ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ ነበር፤ የ1994ቱ ሎተሪ የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል እያስጠነቀቀ ማመልከቻውን ለመሙላት የእነርሱን አገልግሎት ያቀርባል። በሕጉ አነጋገር ይህ ሎተሪ የ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ ያቋቋመው የዳይቨርሲቲ ቪዛ ነው፤ የእኛ «ዲቪ»። ዲቪ በሚለው ስሙ የመጀመሪያው ምዝገባ ከዚያ ማስታወቂያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጁን 1994 ተካሄደ። ለማመልከት ክፍያ አይጠየቅም ነበር። አመልካቹ በተራ ወረቀት ላይ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ በፖስታ ከመላክ በቀር የሚጠበቅበት ብዙ ነገር አልነበረም። ጠበቆቹ የሸጡት ሰው በነጻ ሊያደርገው የሚችለውን ነበር፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ሰሌዳ ያየ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀዋል።

ማስታወቂያው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከ5,500 በሚበልጡ ቡድኖች ውስጥ ተለጠፈ። ቁጣውን ለመረዳት ግን ከቁጥሩ ይልቅ አለጣጠፉን መመልከት ይበጃል። በዩዝኔት አንድን ጽሑፍ ለብዙ ቡድኖች ማድረስ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው የጋራ ለጠፋ ነው፤ ጽሑፉ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጣል፣ በአንዱ ቡድን ያነበበው ሰውም በሌላው ቡድን ውስጥ ዳግመኛ አያየውም። ሁለተኛው የተናጠል ለጠፋ ነው፤ ለየቡድኑ አዲስ ቅጂ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ቅጂ ቦታ ይይዛል፣ አንባቢውም በሄደበት ሁሉ ያገኘዋል። በእኛ ሰፈር ቢሆን የመጀመሪያው በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው፤ ሁለተኛው ያንኑ ወረቀት በየቤቱ፣ በየክፍሉ፣ በየመስኮቱ ማስገባት። ጠበቆቹ የመረጡት ሁለተኛውን ነበር።

የተቃውሞው ብዛት ጠበቆቹ አገልግሎት የሚያገኙበትን የአካባቢውን የኢንተርኔት ድርጅት ኮምፒዩተር ደጋግሞ አቆመው፤ ድርጅቱም አገልግሎታቸውን ዘጋ። ካንተርና ሲገል ግን አላፈሩም። ለጋዜጦች በሰጡት ቃል ሥራው ብዙ ደንበኛና 100,000 ዶላር ያህል ገቢ እንዳስገኘላቸው ተናገሩ፤ በዚያው ዓመትም በመረቡ ላይ ሀብት ማፍራትን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ። የመከራከሪያቸው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ጥፋት ሠርታችኋል የሚለን ማን ነው? ሕግ አልጣስንም፤ የተጣሰው ተጠቃሚዎች በመካከላቸው የፈጠሩት ልማድ ነው፤ ልማዱን ያወጣ «ማኅበረሰብ» የሚባል ነገርም በእውነት የለም። በዚህ ላይ ጠበቆቹን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ጥያቄያቸውን መመለስ ግን ያን ያህል አልቀለለም። በ1997 የቴነሲ ግዛት ካንተርን ከጥብቅና ሲያግድ ይህ ማስታወቂያ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተጠቀሰ። ሕግ መልስ የሰጠው እንግዲህ በሦስተኛው ዓመት፣ ያውም በጠበቆች የማስታወቂያ ደንብ በኩል ነበር። ዩዝኔት ግን መልሱን በሦስት ወር ውስጥ ይሻ ነበር።

ከጠበቆቹ ጥያቄ ጎን ለጎን እኛ የምናነሣው ሌላ ጥያቄ አለ። ማስታወቂያው በእርግጥ «አይፈለጌ» ነበርን? በ1994 ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ አልገባም፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎቱን የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቢበዛ በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በስልክ መስመር ቆይቶ የሚቀባበል የኢሜይል አገልግሎት ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማር አንድ ኢትዮጵያዊ ግን ይህን ማስታወቂያ ሊያይ ይችል ነበር፤ ቢያየውም ለወንድሙ፣ ለእኅቱ፣ ለራሱም የመኖሪያ ፈቃድ ሊያስገኝ የሚችል ዕድል መኖሩን ከዚያ ሊሰማ ይችል ነበር። ለጠበቆቹ የከፈሉት ሰዎች ፈልገውት ነው የከፈሉት። በኋላ ዓመታት ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ብዙ የዲቪ ባለዕድል ካገኙ አገሮች ተርታ መሰለፏን ስናስብ፣ በዩዝኔት ታሪክ እጅግ የተጠላው መልእክት ለእኛ አገር ሰው እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ሊሆን ይችል እንደነበር እንረዳለን። «አይፈለጌ» የሚለው ቃል ይህን መልእክት ሊይዘው አይችልም።

የዩዝኔት ሰዎች ይህን ችግር በአማርኛ አላሰቡትም፤ ግን ገጥሟቸዋል። ጠበቆቹ በዚያው ዓመት ዳግመኛ ማስታወቂያ ሲያወጡ፣ አርንት ጉልብራንድሰን የተባለ ወጣት ኖርዌጂያዊ ፕሮግራመር ቅጂዎቹን እየተከተለ የሚሰርዝ ፕሮግራም አሠማራባቸው። ያ ለባለቤቱ ብቻ የተሰጠው የስረዛ መብት፣ ለዓመታት በነውር ብቻ ተዘግቶ የኖረው በር፣ በዚህ ጊዜ በብዙዎች ጭብጨባ ተከፈተ። ጭብጨባው ያስደነገጣቸውም ነበሩ። የሰው ስም አስመስሎ የሰውን ጽሑፍ ማጥፋት ዛሬ ለጠበቆች ከተፈቀደ፣ ነገ ለማን ይከለከላል?

ለዚህ ሥጋት መልስ ለመስጠት የሞከረው ማንነቱን ሸሽጎ «ካንስልሙስ» በሚል ስም የሚሠራ ሰው ነበር። ሰራዡ ራሱ ስም የለሽ መሆኑ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ስም የለሾችን ለማጥፋት የተነሣውን የዲፒውን ፕሮግራም ለሚያስታውስ ሰው ፈገግ ያሰኛል። ካንስልሙስ የተመሰገነው በመሰረዙ ሳይሆን በአሰራረዙ ነው። የሰረዘውን ሁሉ ወዲያውኑ በአደባባይ ያስታውቃል፤ ምን እንደሰረዘ፣ በስንት ቡድን እንደተገኘ፣ ለምን እንደሰረዘው ይናገራል፤ የተሰረዘውንም ጽሑፍ አንድ ቅጂ ማንም እንዲመረምረው ያወጣል። በዚህ መንገድ በተመሠረተው ልማድ እያንዳንዱ የስረዛ ትእዛዝ የታወቀ ምልክት እንዲይዝ ተደረገ፤ ስረዛውን የማይቀበል አስተዳዳሪ በዚያ ምልክት ትእዛዞቹን ለይቶ ከግቢው ሊያስቀራቸው ይችላል። ሰራዡ ሥልጣኑን የሚሠራበት መሣሪያና ሥልጣኑን የሚክዱበት መሣሪያ አንድ ላይ ተላኩ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ በመጡት የቁጥጥር ሥርዓቶች ውስጥ ይህን የሚስተካከል ጨዋነት አልታየም።

ሁለተኛው መልስ መቁጠር ነበር። ከረጅም ክርክር በኋላ የዩዝኔት አስተዳዳሪዎችና ሰራዦች የተስማሙበት ብያኔ ስለ ይዘት አንዲት ቃል አልነበረባትም። ሴት ብራይድባርት በተባሉት ሰው ስም የሚጠራው መለኪያ የሚጠይቀው አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ ለየብቻው እንደተለጠፈና እያንዳንዱ ቅጂ ስንት ቡድን እንደደረሰ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ቅጂ የቡድኖች ቁጥር ስኩዌር ሩት ይወሰድና ይደመራል፤ ድምሩ በ45 ቀን ውስጥ 20 ከደረሰ ጽሑፉ ሊሰረዝ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ጽሑፍ በአንድ የጋራ ለጠፋ ዘጠኝ ቡድን ቢደርስ የሚቆጠርበት 3 ነው። በተናጠል ለሃያ ቡድኖች ቢላክ ግን 20 ይሞላል። የጠበቆቹ ማስታወቂያ በዚህ ስሌት ወሰኑን ከ270 ጊዜ በላይ ያልፋል። ስኩዌር ሩቱ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በበሩ ላይ የለጠፈውንና በየመስኮቱ ያስገባውን በአንድ ቅጣት ላለማየት ነው። ስብከትም ይሁን ማስታወቂያ፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ተወዳጅም ይሁን የተጠላ፣ መለኪያው አይለይም፤ እንዳይለይም ሆነ ተብሎ ተሠርቷል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አሳብ አይደለም። እድራችን ከለቅሶ የቀረውን አባል ይቀጣል፤ መጥቶ በልቡ ያላዘነውን ግን አይመረምርም። የእድሩ ዳኛ የሚይዘው የስም ዝርዝር ነው፤ የልብ መመርመሪያ አልተሰጠውም። እድር ሃይማኖትና ብሔር የተለያየውን ጎረቤት በአንድ ድንኳን ሥር ሊያኖር የቻለው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፦ ቅጣቱ በሚቆጠር ነገር ላይ ብቻ ይቆማል። የዩዝኔት ሰዎችም እርስ በርስ በማይስማሙበት ሁሉ ላይ ሳይስማሙ፣ በመቁጠር ላይ ብቻ ተስማሙ።

መቁጠር ያልተጠበቀባቸው ቦታዎች ምን እንደሚመስሉ ከዚያው ዘመን ማየት ይቻላል። በ1994 ማብቂያ ላይ የሳይንቶሎጂን ቤተ እምነት በሚመለከተው ቡድን ውስጥ የተቺዎች ጽሑፎች ባልታወቀ እጅ መሰረዝ ጀመሩ፤ የተሰጠው ምክንያት የቅጂ መብት ነበር። በጃኑዋሪ 1995 ደግሞ የቤተ እምነቱ ጠበቃ ቡድኑ ከነጭራሹ ከመረቡ እንዲወገድ የሚያዝዝ መልእክት ላኩ። አብዛኞቹ አስተዳዳሪዎች ትእዛዙን አልፈጸሙም፤ ቡድኑም የአንባቢው ቁጥር ጨመረ። በሴፕቴምበር 1996 ደግሞ ማንነቱ ያልተገለጠ ሰው የአይሁዶችን፣ የሙስሊሞችን፣ የሴቶች መብት ተሟጋቾችንና የሌሎችን ቡድኖች በሺዎች በሚቆጠሩ ስረዛዎች አጠቃ። ለስረዛዎቹ በስድብ የተሞሉ መጠሪያዎች ተሰጥተዋቸው ነበር። የካንስልሙስና የዚህ ሰው መሣሪያ አንድ ነው፤ ትእዛዙም የሚጻፍበት ቋንቋ አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱ የሚቆጥር፣ የቆጠረውንም የሚያሳይ መሆኑ፣ ሌላው ግን ለእርሱ «አይፈለጌ» የሆነውን የሚያጠፋ መሆኑ ነው። በተጠቁት ቡድኖች የጠፉትን ጽሑፎች መልሰው የለጠፉት፣ ከወትሮው ማስታወቂያ ሲሰርዙ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

ይህን ስል መለኪያው ሁሉን ይፈታ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድን ሰው በአንድ ቡድን ውስጥ በአንድ ጽሑፍ ብቻ ስሙን የሚያጠፋ፣ የሚያስፈራራ፣ ለጥቃት የሚያጋልጥ ጽሑፍ በብራይድባርት ስሌት 1 ነው። ለዚህ መልስ የነበረው አወያይ ያለው ቡድን ማቋቋም፣ ወይም አንባቢው የሚጠላውን ጸሐፊ ከራሱ ዓይን የሚያስወግድበትን ዝርዝር መያዝ ነበር። የተሰደበው ሰው ስድቡን ባያየውም ሌላው ያየዋልና ዝርዝሩ ለእርሱ ብዙ አልጠቀመውም። ይህ ጉድለት ከባድ ነው። በአገራችን የቅርብ ዓመታት ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈ ቃል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያየ ሰው ቀላል ሊለው አይችልም።

ሌላው ጉድለት የቅጣቱ መሄጃ ነው። ብዙ ማስታወቂያ ከአንድ የኢንተርኔት ድርጅት ደንበኞች ሲወጣና ድርጅቱ አቤቱታ አልሰማም ሲል፣ ሰራዦች ከዚያ ድርጅት የሚወጣውን መልእክት ሁሉ፣ የንጹሐኑን ጭምር፣ ማጥፋት ይችሉ ነበር። ይህን «የዩዝኔት የሞት ቅጣት» ብለው ጠሩት። በኦገስት 1997 ቅጣቱ ከትልልቆቹ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱ በነበረው ዩዩኔት ላይ ተፈጸመ፤ ድርጅቱ በመጀመሪያ እከሳለሁ ብሎ ዛተ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ደንበኞቹን መቆጣጠር ስለጀመረ ቅጣቱ ተነሣለት። የጥንቱን አውጫጭኝ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩን ወዲያው ይለየዋል። ሌባው እስኪገኝ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይታገዳል፤ ንጹሑ ከሥራው የተፈታው ወንጀል ስለሠራ ሳይሆን ወንጀለኛውን እንዲያወጣ ነው። አውጫጭኝ እንደሚሠራ ሁሉ ይህም ሠራ። ፍትሐዊነቱ ግን በሁለቱም ዘንድ አከራካሪ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል የደከሙት ሰዎች ደመወዝ አልነበራቸውም። በማታና በዕረፍት ቀን፣ ከሥራቸው በተረፈ ጊዜ፣ በየቀኑ የሚጨምረውን ማስታወቂያ እየቆጠሩ ይሰርዙ ነበር። በኤፕሪል 1998 ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሥራ ማቆማቸውን አስታወቁ። አድማው በማስታወቂያ አሠራጮች ላይ አልነበረም፤ ከዚህ ነጻ ጉልበት እየተጠቀሙ ለደንበኞቻቸው ንጹሕ መረብ በሚሸጡት ድርጅቶች ላይ ነበር። ሰራዦቹ እጃቸውን ሲሰበስቡ መረቡ ይጥለቀለቃል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች በዚህ ጊዜ በየራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ የማጣሪያ ፕሮግራም አኑረው ነበርና። የአድማው ውጤት በዚህ ረገድ ከአድመኞቹ አሳብ ውጭ ነው። በአደባባይ ይካሄድ የነበረው ቆጠራ ወደየግቢው ገባ፤ ማጣሪያው ምን እንደያዘ፣ ለምን እንደያዘ የሚያስታውቅ አካል አልነበረም፤ የካንስልሙስ ዓይነት መግለጫም ቀስ በቀስ ቀረ።

ወደ ቃላችን እንመለስ። በአማርኛ የቴሌግራምና የፌስቡክ መድረኮች ላይ «አድሚን» የሚባለው ሰው «አይፈለጌ» ብሎ የሚያጠፋቸውን ነገሮች ያስተዋለ አንባቢ፣ ሁለት ዓይነት ነገር በአንድ ቃል ሥር ሲጠፋ አይቷል። አንደኛው ሃያ ጊዜ የተለጠፈ የብድር ማስታወቂያ ነው። ሌላው አንድ ጊዜ የተጻፈ፣ አድሚኑ ያልወደደው አስተያየት ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት «ድግግም መልእክት» ወይም «የተናጠል ለጠፋ» ያለ ስያሜ ቢኖረን ሁለተኛውን ያጠፋ ሰው ሌላ ቃል ለመፈለግ ይገደድ ነበር፤ ሌላው ቃልም አድራጊውን እንዲጠራ ያስገድደው ይሆናል። የቃላት አውጪዎቻችን «አይፈለጌ»ን የመረጡት የድርጊቱን ታሪክ ሳይሆን የተቀባዩን ስሜት ተከትለው ነው። ቃሉ አሁን ሥር ሰድዷል፤ ይነቀል የሚል አሳብ የለኝም። በደንብና በውል ውስጥ ሲገባ ግን «በማን?» የሚለው ጥያቄ አብሮት ሊጻፍ ይገባል።

ዩዝኔትን ለብዙኃኑ ሲያስነብብ የኖረው ጉግል በፌብሩዋሪ 2024 አዲስ መልእክት መቀበልና ማሳየት አቆመ፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ በመረቡ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ስፓም መሆኑ ነው። የቀደሙት መልእክቶች ግን በማኅደሩ ውስጥ አሉ። የኤፕሪል 12 ቀን 1994ቱ ማስታወቂያ እዚያው ይገኛል፤ ሰዎች በቁጣ የጻፏቸው መልሶችም ከሥሩ ተያይዘው ይነበባሉ።